ስለ ሜታቦሊዝምና ሥነ ምግብ ምርምር ሙያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማጠናው የሰው አካል የበላውን ምግብ ምን እንደሚያደርገው ነው። የምኖረውም የምሠራውም ባሕር ዳር ነው። ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ የሰፈር ሰዎች፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ያነሱልኛል። ግማሹ ስለ ሙያው ነው፣ ግማሹ ስለ ራሱ ስለ ምግቡ። እዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጫለሁ፤ በእኔ ሥራ ሁለቱ አይለያዩምና።

ፊዚዮሎጂስት ሐኪም ነው?

ላይሆን ይችላል። ፊዚዮሎጂ አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ልብ እንዴት ይመታል? ኩላሊት እንዴት ያጣራል? ጉበት ስኳር እንዴት ያከማቻል? ጥያቄዎቻችን እንደዚህ ያሉ ናቸው። ከመካከላችን በሕክምና የተመረቁ አሉ፤ ከባዮሎጂ፣ ከነርሲንግና ከጤና መኮንንነት የመጡም አሉ። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤታችሁን ይዛችሁ መድኃኒት እንዳዝላችሁ አትጠይቁኝ። ለእሱ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ሐኪሞች አሉላችሁ።

ሜታቦሊዝም ምንድን ነው? «የእኔ ቀርፋፋ ነው» የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው?

ሜታቦሊዝም በሕዋሶቻችን ውስጥ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሥራ ሁሉ ነው። ምግብ ይፈርሳል፣ ኃይል ይወጣል፣ አዲስ አካል ይገነባል። ምንም ሳትሠሩ ጋደም ብትሉ እንኳ ይህ ሥራ አይቆምም። እንዲያውም ብዙ ሰው በቀን ከሚያወጣው ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚሄደው ለዚህ ዝምተኛ ሥራ ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ ግን ከጠቅላላው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ጉበትም ከዚያ ብዙም አያንስም።

«ቀርፋፋ ነው» የሚለውን በተመለከተ፣ በሰውና በሰው መካከል ልዩነት አለ። አብዛኛውን ልዩነት የሚያስረዳው ግን የአካል መጠንና የጡንቻ ብዛት ነው። ወፍራም ሰው በዕረፍት ላይ እያለ ከቀጭኑ የበለጠ ኃይል ያወጣል እንጂ ያነሰ አያወጣም። ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ይገረማሉ።

ዕድሜ ሲጨምር ሜታቦሊዝም ይቀንሳል ይባላል። ከ30 በኋላ ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ29 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ታትሞ ነበር። ከ6,400 በላይ ሰዎች ተካተውበታል፤ ትንሹ የ8 ቀን ሕፃን፣ ትልቁ የ95 ዓመት አዛውንት ነው። የአካል መጠን ታሳቢ ተደርጎ ሲታይ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የኃይል ወጪው ብዙም አልተለወጠም። ቅነሳው የታየው ከ60 በኋላ ነው፤ እሱም በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሌላኛው ጫፍ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ለመጠኑ ሲሰላ ከአዋቂ 50 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ያወጣል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደ እኛ ክልል ተመለሱ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሮ) ነበር፤ አገራዊው 38 በመቶ ነበር። በዚያ ዕድሜ አካል በእሳት ፍጥነት እየሠራ ነው። ቀጭን አጥሚት ብቻ የሚሰጠው ሕፃን የሚጎድለውን ኃይል ከየትም አያመጣም። እዚህ ክልል ውስጥ ሆኖ ሌላ የምርምር ርእስ አጣሁ የሚል ተማሪ ይህን አንቀጽ ደግሞ ያንብብ።

ቀኑን ሙሉ የምትሠሩት ምንድን ነው?

መለካት። ከሁሉ በላይ መለካት።

አንድ ሰው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያወጣውን ኃይል ለማወቅ፣ ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት ይመጣል። ጋደም ይላል። ፊቱ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ይደረጋል። መሣሪያው ምን ያህል ኦክስጅን እንደተጠቀመና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳወጣ ይመዘግባል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲቃጠል 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወጣል፤ ስሌቱ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሁለቱ ጋዞች ሬሾ ደግሞ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ይናገራል። ወደ 1 ከተጠጋ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ወደ 0.7 ከወረደ ስብ ነው። ሰውየውን ሳትነኩት፣ ትንፋሹን ብቻ አይታችሁ ጉበቱና ጡንቻው ምን እየበሉ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ስንት ዓመት ብሠራውም ይህ ነገር አልሰለቸኝም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ላቮይዜ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1780ዎቹ መተንፈስ ቀስ ያለ ቃጠሎ መሆኑን ከባልደረባው ላፕላስ ጋር፣ ሙቀትን በሚቀልጠው በረዶ መጠን በሚለካ መሣሪያ አሳይቷል። አሜሪካዊው አትዋተር ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰው የሚገባበት የመለኪያ ክፍል አሠራ። ዛሬ የብስኩት ፓኬት ጀርባ ላይ የምታዩት ስሌት፣ ማለትም ለአንድ ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ ለስብ 9 ኪሎ ካሎሪ የሚለው፣ ከእሱ ሥራ የመጣ ነው።

እዚህ ከተማ ስትለኩ አንድ ነገር አትርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የጋዝ መጠን በግፊቱ ልክ ካልተስተካከለ ውጤታችሁ ሁሉ የተሳሳተ ነው። የመሣሪያው መመሪያ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው።

ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ እያንዳንዱ ስንት እንደበላ እንዴት ይታወቃል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የእኛ አገር የሥነ ምግብ ጥናት ዋና ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው።

በሌላ አገር የተጻፉ መጠይቆች እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው ብለው ይነሳሉ። እኛ ዘንድ እናት፣ አባት፣ ልጆችና የመጣ እንግዳ አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ። ወጡ መሐል ነው። ትልቁ በፍጥነት ይጎርሳል፣ ትንሹ ይዘገያል። እናት «በልቻለሁ» ብላ ትነሳለች። ጉርሻም አለ። ጉርሻ የሚቆጠረው ለጎረሰው ነው፤ ትናንት ማን ስንት ጊዜ አጎረሰህ ሲባል ግን የሚያስታውስ የለም።

በጣም አስተማማኙ መንገድ ጠዋት ደርሶ እስከ ማታ ቤቱ ውስጥ መዋል ነው። እንጀራው ሳይቀርብ ይመዘናል። ወጡ ይመዘናል። የተረፈው ይመዘናል። የምትከታተሉት ሰው ምግብ በተለየ ሳህን ቢቀርብ ቁጥሩ ይጠራል። ግን ያ ቤት እንደወትሮው አልበላም ማለት ነው። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም፤ የትኛውን እንደመረጣችሁ በጽሑፋችሁ ላይ በግልጽ አስቀምጡ።

ቀለል ያለው መንገድ የ24 ሰዓት ትውስታ ነው። ትናንት ከእንቅልፍ ከነቃሽ ጀምሮ የበላሽውን ንገሪኝ ይባላል። እዚህ ላይ ጠያቂው ያገሩን ሰው ኑሮ ማወቅ አለበት። ትናንት ረቡዕ ከነበረ የጾም ቀን ነው፤ ውጤቱ ከሐሙስ ይለያል። ስለዚህ የጾምና የፍስክ ቀናት በተመጣጣኝ ቁጥር መግባት አለባቸው። ሰው ምሳና እራቱን ይናገራል፤ ቆሎውን፣ ሸንኮራውን፣ ከዛፍ ሥር ያነሳውን ማንጎ፣ ጎረቤት ቤት የቀመሰውን ጠላ ይረሳል። ከሁሉም የሚረሳው የቡናው ስኳር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ከገባ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከዚያ ባይበልጥ ይሻላል የሚለው መጠን ገደማ ነው።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ጓዳዋ ባዶ የሆነች እናት ለእንግዳ «ሽሮ በላን» ትላለች። ያልበላችውን በላሁ የምትለው እኛን ለማታለል አይደለም፤ ክብሯን ለመጠበቅ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ስትመርጡ ቋንቋውን የሚችል ብቻ አትፈልጉ። ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ፣ ጥያቄውን ሳይቸኩል የሚያነሳ፣ ጓዳውን በዓይኑ የማይበረብር ሰው ፈልጉ። የመረጃችሁ ጥራት ያለው እሱ ላይ ነው።

ጾም ሜታቦሊዝምን ይጎዳል? ወይስ ይጠቅማል?

ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ስለሚጠየቁ ልለያቸው።

የመጀመሪያው ከምግብ መከልከሉ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾሙ አካላችሁ ጉበት ውስጥ ያለውን የስኳር ክምችት ይጠቀማል። ክምችቱ 100 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ቀን ያህል ሳይበላ ለቆየ ሰው ሊያልቅ ይደርሳል። ከዚያ ስብ ዋናው ነዳጅ ይሆናል። ጉበት ከስቡ ኪቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይሠራል፣ አንጎልም እነሱን ይጠቀማል። አንጎል ከግሉኮስ ሌላ መብላት እንደሚችል ያረጋገጡት በ1967 ኦወን፣ ኬሂልና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ለሳምንታት የጾሙ ሰዎችን አጥንተው። ከዚያ በፊት የመማሪያ መጻሕፍቱ የሚሉት ሌላ ነበር። ሲጠቃለል፣ ጤነኛ አዋቂ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለጾመ ሜታቦሊዝሙ አይበላሽም። አካል ለዚህ የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛው የምግቡ ዓይነት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ የዓመቱ ትልቅ ክፍል ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያልፋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባና ሱፍ ካሉ ፕሮቲኑ አያሳስብም። ጥራጥሬና እህል አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ጥሩ ጥምረት ነው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች በፍስክ ወቅት የሚያገኝ አዋቂ ቶሎ አይጎዳም። ችግሩ በፍስኩም ማግኘት የማይችለው ቤት ላይ ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ታማሚዎች ቤተ ክርስቲያን ትፈቅድላቸዋለች። ብዙ እናቶች ግን ይጾማሉ። ይህን ሐኪም ብቻውን አይፈታውም፤ ከንስሐ አባት ጋር ተመካከሩ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም፣ በሁዳዴም ሆነ በረመዳን፣ መጠንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ሳያስተካክል አይጀምር። የስኳር መውረድ ቀልድ አይደለም።

ጤፍ ብረት አለው ይባላል። ታዲያ ደም ማነስ ለምን አለ?

ምግብ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን ይዞ ያስቀራል። ሊጡ ከእርሾ ጋር በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ተቻኩሎ የተጋገረ እንጀራ ጣዕሙ ብቻ አይደለም የሚጎድለው። በተጨማሪም ጤፍ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይቀላቀለዋል። ላቦራቶሪው የሚያገኘው ከፍተኛ ብረት ከፊሉ የአፈር ነው፤ ያ ደግሞ በደንብ አይመጠጥም። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳሉ፣ ሎሚና ቃሪያ ይጨምራሉ። ቡናውን ከምሳ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት።

ሰው ሲከሳ ስቡ ወዴት ይሄዳል?

በትንፋሽ ይወጣል። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። በላብ «ይቀልጣል» የሚባለው ትክክል አይደለም።

ጓያ መብላት አለብን ወይስ የለብንም?

በጣና ዙሪያ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። ደምቢያና ፎገራ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጓያ የመጣ የእግር ሽባነት ወረርሽኝ አይተዋል። ጓያ ድርቅም ረግረግም የሚችል እህል ነው። ሌላው ሲጠፋ እሱ ይቀራል፣ ሰውም እሱን ብቻ ይበላል። በውስጡ ያለው መርዛማ አሚኖ አሲድ የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ እግር ይገትራል። አንዴ ከያዘ አይመለስም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ ዓለም ስለ በሽታው ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ብዙ ተምሯል።

መልሱ መጠኑ ላይ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን አደገኛ ነው። አልፎ አልፎ ከሌላ እህልና ጥራጥሬ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ አደጋው እጅግ ያንሳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። ጓያ ብቻ የቀረለት ቤት ግን ምክር አይደለም የሚያስፈልገው፤ እህል ነው። እኛ ተመራማሪዎች ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

ስኳር በሽታ የወፍራሞች አይደለም እንዴ? ቀጭን ገበሬ እንዴት ይይዘዋል?

ይይዘዋል። የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቿ በ2009 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያነሳል። በገጠር የሚኖሩ፣ ድሃ የሆኑ፣ ቀጫጭን ሰዎች ኢንሱሊን የሚፈልግ ስኳር ይዟቸው ይመጡ ነበር። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚባል ዓይነት በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ ነበር። በ1999 ተሰረዘ። እነሱ ጉዳዩ እንደገና ይታይ አሉ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ብሎ ለዚህ በሽታ እውቅና ሰጠ።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን ነው። የመማሪያ መጽሐፉ የተጻፈው በሌላ ቦታ በተለካ ሰው ነው። ከፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው በሽተኛ ከመጽሐፉ ጋር ካልተስማማ፣ በሽተኛውን በጥንቃቄ መዝግቡት። የቆላና የደጋ ሰው፣ ከልጅነቱ ተርቦ ያደገ ሰው፣ ዓመቱን ግማሽ የሚጾም ሰው፣ ጣና ላይ ቀኑን ሙሉ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው፣ አካላቸው ኃይልን እንዴት እንደሚጠቀም የሚታወቀው እዚሁ ሲለኩ ነው።

በዚህ ሙያ ለመሠማራት ምን ልማር?

መንገዱ አንድ አይደለም። በሕክምና፣ በጤና ሳይንስ፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ ወይም በሥነ ምግብ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የፊዚዮሎጂም የሥነ ምግብም ክፍል አለ፤ ፖሊ በምንለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ሥነ ምግብ ከምግብ ምህንድስና ጋር አብሮ ይሰጣል። ማስተርስ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ለፊዚዮሎጂ አዲስ አበባና ጎንደር፣ ለሥነ ምግብ ጅማ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ የቆየ ልምድ አላቸው። ፒኤችዲ አራት ዓመት ተብሎ ይጀመራል፣ ብዙ ጊዜ ይረዝማል።

ከትምህርቱ ይልቅ ሰውን ወደኋላ የሚያስቀረው ስታቲስቲክስ ነው። ባዮኬሚስትሪን በቃላችሁ ብታወርዱትም ቁጥር የምትፈሩ ከሆነ በሌላ ሰው ትንተና ላይ ጥገኛ ትሆናላችሁ። ቀድማችሁ ጀምሩት።

እዚህ መሣሪያ የለም። ውጭ ሳልሄድ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ጥያቄያችሁ ከመሣሪያው ጋር ከተመጣጠነ።

በነፃ ኑሮ ላይ ያለን ሰው የቀን ወጪ ለመለካት ምርጡ ዘዴ ልዩ ምልክት ያለው ውሃ ማጠጣት ነው። ውሃው ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን አለበት። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ከአካል በተለያየ ፍጥነት ይወጣሉ፣ ይህም በሽንት ናሙና ይለካል፤ ከልዩነቱ የኃይል ወጪ ይሰላል። ሊፍሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ዘዴውን በአይጥ ላይ ያሳየው በ1950ዎቹ ነው። ለሰው ግን እስከ 1980ዎቹ ቆየ፣ ኦክስጅኑ ውድ ነበርና። አሁንም ርካሽ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ትብብር አይሞከርም።

ግን ጅማን እዩ። ከ2008 ጀምሮ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ ይከታተላሉ። የሕፃኑን ስብና ጡንቻ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። ከዚያ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ወጥተዋል።

ትብብሩ እስኪመጣ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ የክንድ ሜትር፣ የእጅ ጉልበት መለኪያና የስኳር ማሽን ብዙ ያሠራሉ። በደንብ የሠለጠነ ሰው የለካው ቁመት፣ በግዴለሽ እጅ ከተነዳ ውድ ማሽን ይሻላል። የደም ናሙና የምታስቀምጡ ከሆነ ግን ስለ መብራት አስቀድማችሁ አስቡ። ፍሪዘሩ ጄኔሬተር አለው? ሌሊት ቢጠፋ ማን ይደወልለታል? የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይቀልጣል። የጸጥታው ሁኔታም የገጠር ሥራን ያቋርጣል። በእቅዳችሁ ላይ ትርፍ ወራት አስገቡ፤ መረጃ ሰብሳቢዎቻችሁን ደግሞ ወደማያምኑት መንገድ አትላኩ።

የሙያው አርአያ የምትዪው ማንን ነው?

ኤልሲ ዊዶውሰንን። እንግሊዛዊት ናት፣ ከ1906 እስከ 2000 ኖራለች። በ1933 ለንደን ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ወጥ ቤት ከሐኪሙ ማካንስ ጋር ተገናኘች። እሱ የፍራፍሬ ስኳር መጠን ለክቶ አሳትሞ ነበር። ፍሩክቶሱ በአሲዱ ስለተበላሸ ቁጥርህ አንሷል አለችው። ገና ወጣት ናት፣ ሥራም በእጇ የለም። እሱ አልተቆጣም፤ የምርምር ገንዘብ ፈለገላት። አብረው ለ60 ዓመት ያህል ሠሩ። በ1940 ያወጡት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ በዓለም ዙሪያ ለሚሠሩ ሠንጠረዦች መሠረት ሆነ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሁለቱና ባልደረቦቻቸው ለወራት ዳቦ፣ ድንችና ጎመን የበዛበት ምግብ በሉ። ከዚያ ተራራ ወጡ፣ ብስክሌት ነዱ፤ ሰው በዚህ ምግብ መሥራት እንደሚችል ለማሳየት። ካልተበጠረ ዱቄት የተሠራ ዳቦ ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየምን እንደሚይዝ አገኙ። መንግሥት ዳቦው ላይ ካልሲየም ጨመረ። ቅድም ስለ ጤፍና ብረት ያነሳሁት ፋይቴት ያው ነው። የእነሱ ጥያቄ ከዳቦ ተነሳ፣ የእኛ ከእንጀራ።

ሴት ተማሪዎች ስለ እሷ ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። እኔም ለዚህ ነው ደጋግሜ የማነሳት።

እኛስ በራሳችን ላይ መሞከር እንችላለን?

ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በማንም ላይ፣ በራሳችሁም ላይ ቢሆን፣ አትሞክሩ። ዊዶውሰንና ማካንስ ራሳቸውን ስትሮንሺየም የሚባል ማዕድን ወግተው በጽኑ ታመው ነበር። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በ1944 እና 1945 ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። የዕረፍት ሜታቦሊዝማቸው በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ቀንም ሌሊትም ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ነበር። ስለ ረሃብ የምናውቀው ብዙው ከዚያ መጥቷል፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ጥናት ፈቃድ አያገኝም፣ ማግኘትም የለበትም።

እዚህ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የገጠር ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስምምነት ቅጽ ላይ ጣቱን ስላስነካ ተስማማ ማለት አይደለም። በቃል አስረዱት፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክር አንድ ቀን ስጡት፣ እምቢ ቢል ከጤና ጣቢያው የሚቀርበት ነገር እንደሌለ ንገሩት። ውጤቱንም መልሳችሁ ንገሩት። ደሙን ሰጥቶ ምን እንደተገኘ ሳይሰማ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በሩን ቢዘጋ አልፈርድበትም።

ደሞዙ ያኖራል?

የመምህር ደሞዝ ነው። ብቻውን በቂ ነው አልልም። ብዙዎች በአማካሪነት ወይም በፕሮጀክት ይደጉማሉ። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በክልል ጤና ቢሮ፣ በእርዳታ ድርጅቶችና በምግብ ፋብሪካዎች ሥራ አለ። በ2015 የወጣው የመንግሥት እቅድ፣ የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ መቀንጨርን በ2030 ለማስቆም ስላለመ በዚህ መስክ ሰው ይፈለጋል።

የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ እንዴት ልምረጥ?

ከኢንተርኔት አትጀምሩ። አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የክትትል ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። ነርሷ ደጋግማ የምትገረምበትን ነገር ጠይቋት። ወይም ዓሣ አጥማጆች ወደሚወርዱበት ዳርቻ ሄዳችሁ ጠዋት ምን በልተው እንደሚወጡ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሸጠው ለልጆቻቸው ምን እንደሚገዙ ስሙ። ዓሣ እያጠመደ ዓሣ የማይበላ ቤት ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ገንዘብ ነው፣ ጾም ነው፣ ወይስ ልማድ? ከዚያ የሰማችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በሚዛን፣ በሜትር ወይም በመጠይቅ ሊመለስ የሚችል ከሆነ ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ። የማይችል ከሆነ አጥብቡት፣ እንደገናም ጻፉት።